ይብረር ወይስ ይቆይ? ስለ በረራ ሐኪሞች ሥራ

 ስለ ትምህርትና ስለ ሙያ ምርጫ በምናወራባቸው ፕሮግራሞች ላይ ከወላጆችም ከወጣቶችም ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ ሕክምና መማር ትፈልጋለች፤ አውሮፕላንም ትወዳለች። ሁለቱን የሚያገናኝ ሥራ ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አለ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነና እንዴት እንደሚደረስበት ለማስረዳት ግን በአየር ላይ ያለን ደቂቃ ስለማይበቃ በጽሑፍ ላቅርበው ብያለሁ።

እኛ ሐዴራ ውስጥ ሐኪም ሲባል ቶሎ የሚታየን በኩፓት ሖሊም ክፍሉ ተቀምጦ መድኃኒት የሚጽፍልን፣ ወይም በሂሌል ያፌ ሆስፒታል ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ ሕሙማንን የሚያይ ሰው ነው። የበረራ ሐኪም ሥራ ሦስት መልክ አለው። አንዱ አብራሪዎችን ይመረምራል። ሁለተኛው የታመሙ መንገደኞች ለጉዞ ብቁ መሆናቸውን ይወስናል። ሦስተኛው በሽተኛውን ይዞ ራሱ ይበራል። ሥራቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም በየቀኑ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ዛሬ ይብረር ወይስ ይቆይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቀላል የማይሆነው ለምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ሰማይ ላይ ሰውነታችን ምን እንደሚሆን እንይ።

አውሮፕላን ውስጥ ስንት ሜትር ላይ ነን?

የመንገደኞች አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይበራል። እዚያ ላይ ያለው አየር እጅግ ስስ ስለሆነ ሰው ተንፍሶት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አውሮፕላኑ አየር እያመቀ የውስጡን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ የውስጡ ግፊት እንደ ሐዴራ ባሕር ዳርቻ አለመሆኑ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት እንዳያንስ ብቻ ነው። ይህን ከፍታ የኛ ሰው ያውቀዋል። የአዲስ አበባው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ከቤን ጉርዮን የተነሳ መንገደኛ ገና ቀይ ባሕርን ሳይሻገር፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደገኛ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን ሳያውቀው ያልፈዋል፤ ልቡ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ትንፋሹም እንዲሁ። የልብ ድካም ያለበት፣ ሳንባው የተጎዳ ወይም ደም ማነስ የጠናበት ሰው ግን ያቺ የጎደለችው ሩብ ልትከብደው ትችላለች።

እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች «እኛ የሰሜን ሰዎች ነን፤ ተራራ ላይ ተወልደን ያደግን ሰዎች ከፍታ ምን ያደርገናል?» ይላሉ። አነጋገሩ መሠረት የለውም አይባልም። በ2002 በታተመ ጥናት፣ አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ሄሞግሎቢኑም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። በአንዲስ ተራሮችም ሆነ በቲቤት ከሚኖሩት ሰዎች የተለየ ነገር ስለነበረ ሳይንቲስቶችን አስገርሟል። ነገር ግን ይህ የተገኘው እዚያው በሚኖሩ ጤነኞች ላይ ነው። ከ30 እና ከ40 ዓመት በላይ በባሕር ዳር የኖሩ፣ ልባቸውን ወይም ሳንባቸውን የታመሙ ሽማግሌ የትውልድ አገራቸውን ከፍታ ተማምነው ያለ ሐኪም ምክር ይሳፈሩ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የአየር መስፋት ነው። ትምህርት ቤት ሳስተምር የምጠቀምበትን ቀላል ምሳሌ ላምጣ። በበረራ ላይ ውሃ ጠጥታችሁ ባዶውን ፕላስቲክ በደንብ ከድናችሁ አስቀምጡት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፕላስቲኩ ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። ላይ ሳላችሁ የሞላው አየር መሬት ላይ ሲወርድ ተጨመቀ። በተቃራኒው፣ መሬት ላይ የታሸገ የድንች ጥብስ ከረጢት ላይ ሲወጣ ያብጣል። በሰውነታችን ውስጥ የተዘጋ አየርም እንደዚሁ ነው፤ ወደ ላይ ስንወጣ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል። ጆሯችንን የሚደፍነን ይኸው ነው። ጆሮ የደፈነው ሰው ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ ያልፍለታል። በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር የገባበት ሰው ግን ሳንባው ሊጨፈለቅበት ይችላል። ሆዱን በቅርቡ የተቀደደ፣ ዓይኑ ውስጥ በሕክምና ጋዝ የተደረገለት፣ አዲስ ጀሶ የታሰረለት ሰው ሁሉ ከመብረሩ በፊት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ኤይላት ወርዶ ባሕር ውስጥ የጠለቀ ወጣትም እስከ አንድ ቀን ድረስ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ ይመከራል።

የበረራ ሕክምና የሚባለው ሙያ ሥሩ እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የኦክስጅን ማነስና የአየር መስፋት። አሁን ወደ ሦስቱ ሐኪሞች እንሂድ።

አብራሪውን የሚመረምረው ሐኪም

አብራሪ መንጃ ፈቃድ እንዳለው ሹፌር አንድ ጊዜ ተፈትኖ የሚያበቃ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የንግድ አውሮፕላን አብራሪ አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የጤና ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ይህ ማረጋገጫ በየ12 ወሩ ይታደሳል፤ 60 ዓመት ከሞላው በኋላ በየ6 ወሩ። ለግል የሚያበር ሰው ሁለተኛ ደረጃ፣ ከመሬት ሆነው አውሮፕላኖችን የሚመሩት ተቆጣጣሪዎች ሦስተኛ ደረጃ አላቸው። ይህን ምርመራ የሚሠራው ተራ ሐኪም ሳይሆን በዘርፉ ሠልጥኖ ከአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ ሐኪም ነው።

ምን ይመረምራል? ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ስኳር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ እንቅልፍ፣ የአእምሮ ጤና። አንድ መድኃኒት ለቢሮ ሠራተኛ ምንም የማይጎዳ ሆኖ አብራሪን ሊያደነዝዝ ይችላል። በአየር ኃይል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ተዋጊ ጄት በኃይል ሲታጠፍ አብራሪው ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ እስከ 9 እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ለጥቂት ሰከንዶች 630 ኪሎ የሚመዝን ያህል ይሆናል። ደሙ ከጭንቅላቱ ወደ እግሩ ይሸሻል፤ ካልተዘጋጀ ራሱን ይስታል። እግርና ሆድን የሚጨብጠው ልዩ ልብስ፣ የጡንቻና የትንፋሽ ልምምዱ፣ ኦክስጅን በሚቀነስበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ የበረራ ሕክምና ውጤቶች ናቸው።

ያ ዝግ ክፍል ለምን ያስፈልጋል? የኦክስጅን እጥረት እንደ ቁስል አያምም። መጀመሪያ የሚወስደው ማስተዋልን ነው፤ ሰውየው እየተሳሳተ ደህና የሆነ ይመስለዋል። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የውስጥ ግፊት በድንገት ቢጠፋ፣ ጭንብሉን ያላጠለቀ ሰው በትክክል የሚያስብበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ነሐሴ 14 ቀን 2005 ከላርናካ ወደ አቴንስ ይበር በነበረው የሄልዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን የሆነው ይኸው ነበር። የግፊት መቆጣጠሪያው በአውቶማቲክ ላይ አልነበረም፤ አብራሪዎቹም የማስጠንቀቂያውን ትርጉም ሳይረዱ ራሳቸውን ሳቱ። አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በረረ፤ 121 ሰዎች አለቁ። በዝግ ክፍሉ ውስጥ የሠለጠነ አብራሪ የራሱን ምልክት፣ ለምሳሌ የጣቱን መንዘር ወይም የሳቁን መብዛት፣ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጭንብሉን በጊዜ ያጠልቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሣሪያ የማያሳየው በሽታ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን በፈረንሳይ ተራሮች ላይ ወድቆ 150 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው ረዳት አብራሪው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከሥራ እንዲቀር ከሐኪም የተሰጠውን ወረቀት ከአሠሪው ደብቆ ነበር፤ አውሮፕላኑንም ሆን ብሎ ተራራ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ አየር መንገዶች አብራሪዎች ችግራቸውን ለባልደረቦቻቸው የሚናገሩበትና እርዳታ የሚያገኙበት አሠራር ግዴታ ሆነ። አብራሪ ለምን ይደብቃል? እውነቱን ከተናገረ እንጀራውን እንዳያጣ ስለሚፈራ ነው። ጎበዝ የበረራ ሐኪም ፈቃድ ነጣቂ ተብሎ የሚፈራ ሰው አይደለም። «ንገረኝ፤ ታክመህ ትመለሳለህ» ብሎ የሚታመን ሰው ነው። አብዛኞቹ ሕመሞችም ታክመው ወደ ሥራ የሚያስመልሱ ናቸው።

መንገደኛውን የሚፈቅደው ሐኪም

ታላላቅ አየር መንገዶች የራሳቸው የሕክምና ክፍል አላቸው። የታመመ ወይም በቅርቡ ሆስፒታል የነበረ መንገደኛ ሐኪሙ የሚሞላለት የጤና ቅጽ አለ። ቅጹ ለአየር መንገዱ ሐኪም ይላካል፤ እሱ ደግሞ ይብረር፣ ይቆይ፣ ኦክስጅን ይዘጋጅለት፣ አጃቢ ይኑረው ብሎ ይወስናል። ነፍሰ ጡር ሴትም አንድ ልጅ ከሆነ ከ36ኛው ሳምንት፣ መንታ ከሆነ ከ32ኛው ሳምንት በኋላ እንዳትበር በብዙ አየር መንገዶች ደንብ አለ። ብዙዎቹ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ።

በረራ ላይ ሳሉ የሚታመሙትም ጥቂት አይደሉም። በ2013 በአሜሪካ በታተመ ሰፊ ጥናት ከ604 በረራዎች በአንዱ ላይ የሕክምና ጥሪ እንደሚያጋጥም ተቆጥሯል። አስተናጋጇ «ከመንገደኞች መካከል ሐኪም አለ?» ስትል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በዚያው ሰዓት መሬት ላይ የተቀመጠ ሐኪም በሬዲዮ ወይም በሳተላይት ከአብራሪው ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ነው። በሽተኛውን ሳያይና ሳይነካ በድምፅ ብቻ ጠይቆ፣ አውሮፕላኑ መንገዱን ቀይሮ ይረፍ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ይመክራል። ይህም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሬዲዮ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ በድምፅ ብቻ እውነትን መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል።

በሽተኛውን ይዞ የሚበረው ሐኪም

ይህ ሥራ የሚመስለንን ያህል አዲስ አይደለም። በግንቦት 1928 አውስትራሊያ ውስጥ ክሎንከሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ አንድ አውሮፕላን ሐኪም ይዞ ተነሳ። ቄስ ጆን ፍሊን የጀመሩት ይህ አገልግሎት ዛሬም ያንን ሰፊ በረሃ ይሸፍናል። በ1957 ደግሞ ማይክል ውድን ጨምሮ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች በምሥራቅ አፍሪካ «አምሬፍ» ተብሎ የሚጠራውን የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት መሠረቱ፤ መነሻው ናይሮቢ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ኢትዮጵያ አለች። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር፣ ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ሊያበሩ መጡ። መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር አደረሱ፤ ቁስለኞችን አመላለሱ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዶክተር ማርሴል ዡኖም አብረዋቸው ይበሩ ነበር። በመጋቢት 1936 ቆረም ላይ ቆሞ የነበረው ቀይ መስቀል የተሳለበት አውሮፕላን በጣሊያን አውሮፕላኖች ተመትቶ ጠፋ። ቮን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው የኢትዮጵያን አየር ኃይል ሲያሠለጥኑ ብዙ ዓመት ኖሩ።

እስራኤል ውስጥ የዚህ ሥራ ዋናው ቤት የአየር ኃይሉ 669ኛ ክፍል ነው። የተቋቋመው ከዮም ኪፑር ጦርነት በኋላ፣ በ1974 ነው። መጀመሪያ የታሰበው የወደቁ አብራሪዎችን ለማዳን ነበር፤ ዛሬ ወታደሩንም ሲቪሉንም ያወጣል። ጎርፍ የወሰደው ተጓዥ፣ ገደል ላይ የቀረ ወጣት፣ መርከብ ላይ የታመመ ባሕረኛ፣ ከጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ሁሉ በዚህ ሄሊኮፕተር ይነሳል። ውስጡ ሐኪምና ፓራሜዲኮች አሉ። ብዙዎቹ ሐኪሞች በሌላው ቀን ሆስፒታል የሚሠሩ፣ በሚሉዊም የሚጠሩ ናቸው። ማገን ዳቪድ አዶምም የአምቡላንስ ሄሊኮፕተሮች አሉት፤ በእነዚያ ላይ በአብዛኛው ፓራሜዲኮች ይሠራሉ።

ሄሊኮፕተር ውስጥ ሕክምና ምን ይመስላል? ጫጫታው ከባድ ስለሆነ በማዳመጫ የልብና የሳንባ ድምፅ መስማት አይቻልም። ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ከሆነ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመነሳት በፊት ነው። የትንፋሽ ቱቦ የሚያስፈልገው ሰው መሬት ላይ ይገባለታል። በደረቱ አየር ያለበት ሰው መሬት ላይ ይተነፈስለታል። ቱቦውን የሚይዘው ትንሽ የአየር ፊኛም ላይ ሲወጣ ስለሚያብጥ ግፊቱ ይታያል። በሽተኛው እንዳይበርደው ይጠቀለላል፤ የበረደው ሰው ደሙ አይረጋም። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ደም እዚያው በበረራ ላይ ይሰጠዋል።

ሒሳብም አለ። አንድ በሽተኛ በደቂቃ 10 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል እንበል። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን 90 ደቂቃ በ10 ሲባዛ 900 ሊትር ነው። የአየር ጠባይ ቢያዘገይስ? ሌላ ሆስፒታል መሄድ ግድ ቢሆንስ? ስለዚህ ቢያንስ እጥፉን፣ 1,800 ሊትር ይዞ ይነሳል። ልጆች «ሒሳብ ለምን እንማራለን?» ሲሉኝ ይህን የመሰለ መልስ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ ሄሊኮፕተር ሁልጊዜ ይፈጥናል ብላችሁ አታስቡ። ከሐዴራ ሃይፋ ያለው ራምባም ሆስፒታል በመኪና ሩቅ አይደለም። ሄሊኮፕተሩን መጥራት፣ ማረፊያ ማመቻቸት፣ በሽተኛውን መጫንና ማውረድ ሲደመር አምቡላንሱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ከኤይላት ቤር ሼቫ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሄሊኮፕተር ሕይወት ነው። አንዳንድ ጊዜ የሐኪሙ ትልቁ ጀግንነት «አይነሳ፤ በመኪና ይሂድ» ማለቱ ነው።

የእኛው በረራ

ስለ ሕክምናና ስለ በረራ ሲወራ የእኛ ማኅበረሰብ የራሱ ምዕራፍ አለው። ከግንቦት 24 እስከ 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ወንበሩ የተነቀለለት አንድ የኤል አል ጃምቦ ብቻውን 1,088 ሰዎችን አሳፈረ፤ በበረራው ላይ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት በዚሁ ቁጥር ውስጥ አሉ። በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ የሰፈረውም ይኸው ነው። ሐኪሞች በበረራውም በማረፊያውም ሥራ ላይ ነበሩ፤ 140 ያህል ሰዎች እንደወረዱ እዚያው ሕክምና ተደረገላቸው።

ልብ በሉ፤ ያ ቁጥር ከዚያ የበለጠ ያልሆነው በዕድል ብቻ አይደለም። ሰዉ አዲስ አበባ ተሰብስቦ በጠበቀባቸው ወራት የጆይንት ድርጅት ክሊኒክ ይሠራ ነበር፤ በ1990 ከመጡት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ናቸው። ክትባቱ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናው፣ የሕፃናቱ እንክብካቤ ሁሉ አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ተጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ሰው አልቆብናል። ሰውን የሚያድነው አውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን ከአውሮፕላኑ በፊት የሚሠራው ሕክምና መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

መንገዱ እንዴት ነው?

ወደ ወላጆች ጥያቄ ልመለስ። የበረራ ሐኪም ለመሆን በመጀመሪያ ጥሩ የመሬት ሐኪም መሆን ያስፈልጋል። በአገራችን መንገዱ በጠንካራ ባግሩት ይጀምራል፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ በ5 ነጥብ፣ ከሳይንስም ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ። ከዚያ ፕሲኮሜትሪና የጠባይ ቃለ መጠይቅ አለ። የሕክምና ትምህርቱ 6 ዓመት፣ ሥራ ላይ የሚደረገው ልምምድ 1 ዓመት ነው። ከሠራዊቱ ጋር ለመማር ለሚፈልጉ በ2009 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው «ጻሜሬት» የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ ተማሪዎቹ ሕክምና ተምረው በጻሃል ሐኪምነት ያገለግላሉ።

ቀጥሎ ስፔሻላይዜሽን ይመጣል። በሽተኛ ይዞ ለመብረር የሚጠቅሙት ድንገተኛ ሕክምና፣ ማደንዘዣ፣ ጽኑ ሕሙማንና ቀዶ ሕክምና ናቸው። አብራሪ ለመመርመር ደግሞ የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምና ወይም የሥራ ጤና ጥሩ መሠረት ነው። በዚያ ላይ የበረራ ሕክምና ኮርስ ይጨመራል። አሜሪካ ከ1953 ጀምሮ፣ ብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ የበረራና የኅዋ ሕክምናን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርገው ይቆጥሩታል። ኢትዮጵያ ላሉ ዘመዶቻችንም በር አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2010 ተጀምሯል። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ መነሻ የለም።

ሐኪም ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ፓራሜዲክና ነርስም ይበራሉ። ልጃችሁ ልቧ እዚህ ሥራ ላይ መሆኑን ለማወቅ 10 ዓመት መጠበቅ የለባትም። ማገን ዳቪድ አዶም ከ15 ዓመት ጀምሮ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል። አንድ ክረምት አምቡላንስ ላይ የሠራች ልጅ ደም ስታይ ምን እንደሚሰማት፣ ሌሊት ሲጠሯት ትነሳ እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች።

የሚያስቸግረውንም ልንገራችሁ። ቦታው ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የበረራ ሐኪሞች ዋናው ሥራቸው ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ሆኖ በረራው ተጨማሪ ነው። አደጋም አለው፤ ሄሊኮፕተር ሌሊትና መጥፎ አየር አይወድም። ለስሙ ብሎ የገባ ሰው አይቆይበትም።

ለምን የእኛ ልጆች?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን እናውቀዋለን፤ መደበቁንም እንችልበታለን። ለዘመድ ለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ እናት ቅጹ ላይ «የልብ ሕመም» ብለው ካስሞሉ የሚከለከሉ መስሏቸው ዝም ይላሉ። መድኃኒታቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው ያስጭኑታል። ልጆቻቸውም በዕብራይስጥ ሲያስተረጉሙ እናታቸውን እንዳያሳፍሩ ግማሹን ይተዉታል። ሐኪሙ የሚወስነው በተነገረው ልክ ነው፤ ያልተነገረውን ሰማዩ ይገልጠዋል።

ዝምታው ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ1996 የለገስነው ደም እየተደፋ እንደነበር ሲታወቅ ብዙ ሰው ከሕክምና ተቋማት ልቡ ሸሸ። ያ ቁስል በመመሪያ አይሽርም። የሚሽረው ከጠረጴዛው ማዶ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሲተኙ ትራስ ይደራርባሉ? ደረጃ ሲወጡ ያርፋሉ?» ብሎ በአማርኛም በትግርኛም የሚጠይቅ ሐኪም ሲበዛ ነው። ትራስ መደራረብና ደረጃ ላይ ማረፍ የልብ ድካም ምልክት መሆኑን እማማ ላያውቁ ይችላሉ፤ በእናት ቋንቋ ሲጠየቁ ግን እውነቱን ይናገራሉ። ኢትዮጵያ ተወልደው እዚህ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር አቭራሃም ይጽሐቅ በ2016 በጻሃል የኮሎኔልነት ማዕረግ አግኝተው የደቡብ ዕዝ የሕክምና ኃላፊ ሆነዋል። መንገዱ ተከፍቷል፤ የሚሄድበት ነው የሚፈለገው።

እስከዚያው በቅርቡ የምትጓዙ ሁሉ አራት ነገር አትርሱ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ። መድኃኒታችሁን ከነስሙ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ። በበረራ ላይ ውሃ ጠጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ። አራተኛው፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ያለባችሁን በሽታ አስመዝግቡ፤ በአየር አምቡላንስ መመለስን የሚሸፍን መሆኑንም ጠይቁ። ውጭ አገር ለታመመ ተጓዥ ኩፓት ሖሊም በመደበኛው አይከፍልም፤ የአየር አምቡላንስ ዋጋ ደግሞ አንድ ቤተሰብ የሚችለው አይደለም።

ለወጣቶቻችን የምለው ይህን ነው፤ «ይቆይ» ማለት የሚችል፣ ሲናገር የሚታመን ሐኪም ሁኑ። በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ያላችሁ በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ደውሉልን። ሰላም ቆዩን።